የሩቅ ቋንቋና የቅርብ ተራራ

አንድ ወጣት ሕክምና ልማር ቢል ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሕመምተኛ ሞልቷልና። እርሻ ልማር ቢል መሬቱ አለ፤ ሕግ ልማር ቢል ሙግቱ አለ። የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ልማር ያለ እንደ ሆነ ግን ጥያቄው ከየአቅጣጫው ይመጣበታል። አንዱ፣ «ቋንቋውንማ ትችለው የለም ወይ? ከቻልኸው ወዲያ ምኑን ትማረዋለህ?» ይለዋል። ሌላው፣ «የባዕድ ተረት ለአገር ምን ይረባል?» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር በዝምታ ይመለከተዋል። ከሦስቱ የሚከብደው ይኸው ዝምታ ነው።

እኔም በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የትምህርት መስክ በመረጥሁ ጊዜ ሦስቱም ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያቀረቡልኝ አብሮ አደጎቼ ናቸው። ሁለተኛውን በምሳሌ የነገሩኝ አያቴ ነበሩ፤ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉኝ። ሰርዶ ሥሩ ከመሬት ጋር የተቆላለፈ ብርቱ ሣር ነው፤ እርሱን ለመንቀል አፈሩን የለመደ በሬ ያስፈልጋል ማለታቸው ነው። የሰው አገር ሰርዶ ለመንቀል መሄዴ ለእርሳቸው ትርጉም አልነበረውም። ዝምታው ግን የአባቴ ነበር። የአባቴ ዝምታ ምክንያት ነበረው። የተወለድሁት ወሎ ውስጥ፣ በአምባሰል ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በቤታችን የቀሩት ከብቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ወይፈን ተሽጦ ነው ደሴ ገብቼ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት። እንግዲህ አባቴ የወይፈኑን ዋጋ በልባቸው ቢያሰሉ የሚፈረድባቸው አይደሉም።

ለእነዚህ ሦስት ሰዎች የሚሆን መልስ ለማግኘት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። መልሱን ያገኘሁት ግን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋን መቻልና ቋንቋን ማጥናት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መታወቅ አለበት። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ጤፍ እንዴት እንደሚዘራ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ በአውድማ ላይ እንዴት እንደሚወቃ አያውቅም። ቋንቋም እንዲሁ ነው። የሚናገረው ብዙ ነው፤ ከየት እንደ መጣና በምን እንደ ቆመ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ «ናይት» ተብሎ የሚነበብ፣ ትርጉሙም ፈረሰኛ ባለሟል ማለት የሆነ ቃል አለ። ይህ ቃል ሲጻፍ ስድስት ፊደላት አሉት፤ ከስድስቱ ግን ሦስቱ አይነበቡም። ተማሪ ሁሉ ይህን የመሰለውን አጻጻፍ ሲያይ «እንግሊዞች የማይነበብ ፊደል ለምን ይጽፋሉ?» ብሎ ያማርራል። ታሪኩን ስንማር ግን ነገሩ ተገለጠልን። ቾሰር የተባለው ታላቅ ገጣሚ በኖረበት በ14ኛው ምዕተ ዓመት እነዚያ ፊደላት ሁሉ ይነበቡ ነበር። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያ መኪና እንግሊዝ አገር ካቋቋመ በኋላ አጻጻፉ እያደር ሲረጋ፣ የሕዝቡ አነጋገር ግን መለወጡን ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ የማይነበቡት ፊደላት ያለ ምክንያት የተጨመሩ አይደሉም፤ የቀድሞው ዘመን ድምፅ ያለፈባቸው ዱካዎች ናቸው።

ይህን በተማርሁበት ዕለት ወዲያው የታሰበኝ የገዛ ፊደላችን ነበር። እኛስ «ንጉሥ»ን በንጉሡ «ሠ»፣ «ሰማይ»ን በእሳቱ «ሰ» ስንጽፍ ምን እያደረግን ነው? በአማርኛ የሁለቱ ድምፅ አንድ ነው። በጥንታዊው ግእዝ ግን የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»ም እንደዚሁ ናቸው። የፊደልን ዝርዝር ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ለምን እንደ ተደጋገመ ግን ለመጠየቅ የተነሣሣሁት የባዕድ ቋንቋ ታሪክ ስማር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ያዙ። ገዢዎቹ የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነበር፤ ገበሬው የሚናገረው ደግሞ የራሱን እንግሊዝኛ ነበር። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛ ላሟ በሕይወት ሳለች «ካው» ትባላለች፤ ታርዳ ከገበታ ላይ ስትቀርብ ሥጋዋ «ቢፍ» ይባላል። በጉም ከነነፍሱ «ሺፕ»፣ ሥጋው ግን «መተን» ነው። የፊተኞቹ ቃላት ከብቱን ከሚጠብቀው ገበሬ፣ የኋለኞቹ ከገዢዎቹ ፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። የአንድ ሕዝብ የመደብ ታሪክ በምግብ ስሞቹ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ድርብርብ አለው። «ቤተ መንግሥት» እንላለን እንጂ «የመንግሥት ቤት» ስንል ሌላ ነገር ይሆናል፤ «ፍርድ ቤት» እንላለን እንጂ «ቤተ ፍርድ» አንልም። የመጀመሪያው በግእዝ ሥርዓት፣ ሁለተኛው በአማርኛ ሥርዓት የተሠራ ነው። እነዚህን ቃላት በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ሰው ሁለት ቋንቋዎች በአፉ ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አያስተውልም። ለአብሮ አደጎቼ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ ከመቻል ወዲያ የሚጠናው፣ ቋንቋው ስለ ተናጋሪው የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርቱ ደግሞ ከዚህ ይጠልቅ ነበር። አንዲት መምህርት አሥራ አራት መሥመር ብቻ ባለው በአንድ የሼክስፒር ግጥም ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ አቆዩን። ግጥሙ ሶኔት የሚባለው ዓይነት ነው፤ በእያንዳንዱ መሥመር አሥር ቀለማት አሉት፤ ከአሥሩ አምስቱ ጠበቅ ተደርገው ይነበባሉ። መምህርቷ ዘወትር የሚጠይቁን ሦስት ነገር ነበር፦ ምን ይላል? እንዴት ይለዋል? በሌላ መንገድ ቢለው ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ በዚህ አዝጋሚ አካሄድ ይሰለቹ ነበር። ለእኔ ግን አዲስ አልነበረም። በወሎ በዋድላ፣ በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች የኔታ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አንዲትን ቅኔ ሰሟን ከወርቋ እየለዩ እንደሚያመሠጥሩ በመንደራችን ካህናት አፍ ሰምቼ አድጌአለሁ። አንድን ቃል ሳያላምጡ አለመዋጥ የሩቅ አገር ጥበብ ብቻ አይደለም። ከአገራችን የግጥም ምጣኔ ጋር ሳስተያየውም ልዩነቱ ጎልቶ ታየኝ። የወል ቤት በሚባለው የተለመደ የአማርኛ ግጥም ስድስትና ስድስት ሆኖ አሥራ ሁለት ቀለም ይቆጠራል፤ እንግሊዝኛው ግን ቀለምን ብቻ ሳይሆን የድምፅን ማየልና መላላትም ይቆጥራል።

ያን ግጥም የማስታውሰው ግን በሌላም ምክንያት ነው። ሼክስፒር በዚያ ግጥም የሚወዱትን ሰው ከበጋ ቀን ጋር ያስተያያል፤ ወዳጁም ከበጋ ቀን ይልቅ ያማረና የረጋ መሆኑን ይናገራል። መምህርቷ «ይህ ማነጻጸሪያ በልባችሁ ምን ስሜት ያሳድራል?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ዝም አለ። እኔ እጄን አንሥቼ፣ በተወለድሁበት አገር አንድን ሰው የበጋ ቀን ትመስላለህ ማለት ምስጋና እንደማይሆን ተናገርሁ። እንግሊዝ አገር ክረምቱ በረዶና ጨለማ ነው፤ የሐምሌ ፀሐይ ሰውን ከቤቱ ታወጣለች፣ አበባ ታፈካለች። ስለዚህ የበጋ ቀን ውበት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሐምሌ ዝናብና ጭቃ የሚበዛበት፣ ገበሬም ተስፋ የሚያደርግበት ወር ነው፤ ፀሐይዋ የምትበረታው ዝናብ ባቆመ ጊዜ ነው። በ1977 ዓ.ም. ልጅ የነበርን የወሎ ሰዎች፣ ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ እንዴት እንደሚያስፈራ እናውቃለን። እናቴ በየማለዳው ከደጅ ወጥታ ሰማዩን አይታ ያለ ቃል ስትመለስ ዓይኗን ያየ ልጅ፣ «የበጋ ቀን» የሚለውን ቃል እንደ እንግሊዛዊ ሊሰማው አይችልም።

መምህርቷ ይህን ሲሰሙ ስሕተት ነው አላሉኝም፤ አስቀምጠው አላለፉትምም። «እንግዲያስ ይህ ግጥም ወደ አማርኛ ቢተረጎም በጋ የሚለው ቃል ምን ይሁን?» ብለው ለሁላችንም የቤት ሥራ ሰጡን። አንዱ «የመስከረም ቀን» ብሎ መጣ፤ ዝናቡ አባርቶ አደይ የምትፈነዳበት ወር ነውና። ሌላዋ በጋን እንዳለ ትታ አንባቢው የሩቁን አገር ሰማይ ይማር አለች። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ትርጉም ቃልን በቃል መተካት ሳይሆን ሰማይን ከሰማይ፣ ኑሮን ከኑሮ ጋር ማገናኘት መሆኑ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በተወለድሁበት በአምባሰል ግሸን የሚባል አምባ አለ። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ መስቀለኛ ነው። በመካከለኛው ዘመን፣ እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ፣ ነጋሢዎች ዙፋን ይሻማሉ ብለው የሚሰጉባቸውን ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በዚያ አምባ ላይ ያግዙ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረውም ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈው እዚያ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን አምባውን ይወጣሉ። እናቴም ስንቋን ቋጥራ በእግሯ እየሄደች ትሳለም ነበር።

ይህ አምባ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው የገነትን መጥፋት በሚተርከው ታላቅ ግጥሙ፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ ያነሣል፤ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ናት ብለው እንደሚያምኑ ጠቅሶ፣ የኤደን ገነት ግን ከእርሷም እንደምትበልጥ ይናገራል። ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1816 ባሳተመው ሕልም መሰል ግጥሙ ውስጥ የክር መሣሪያ እየመታች ስለ ተራራ የምትዘፍን አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ አለች። ከሁሉም ይልቅ ሰፊ ታሪክ ያለው የሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ የነበረውን የፖርቱጋላዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1755 ስሙ ከተጠራ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1759 እናቱ ስትሞት፣ የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን ሲል በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። የመጽሐፉ ባለታሪክ ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ነው። ልዑሉ ሁሉ በሞላበት፣ ነገር ግን መውጫ በሌለው የተራራ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፤ ምንም ሳይጎድለው ይሰለቻል። ከእኅቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር አምልጦ ደስታ የሚገኝበትን የኑሮ ዘይቤ ፍለጋ እስከ ካይሮ ይሄዳል። ከሊቁም፣ ከባለጸጋውም፣ ከባሕታዊውም ዘንድ ፍጹም ደስታን አያገኝም። በመጨረሻም ወደ አገሩ ወደ ሐበሻ ለመመለስ ይወስናል።

መጽሐፉን ካነበብሁ በኋላ ሁለት ስሜት ተፈራረቀብኝ። በአንድ ወገን፣ እናቴ በተሰነጠቀ ተረከዝ የምትወጣው አምባ የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ሕልም ሆኖ መገኘቱ አስደነቀኝ። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ተራራው አለ እንጂ እናቴ የለችም። ገበሬው የለም፤ ድርቁ የለም፤ የአካባቢው ሰው ቋንቋ አይሰማም። ጆንሰን ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። እርሱ ሊጽፍ የፈለገው ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ምኞት ነው፤ አገራችንን የመረጣት ሩቅ ስለ ሆነች ነው። ይሁን እንጂ ለእርሱ ሩቅ የሆነው ለእኔ ቅርብ ነው። የሩቁ ሰው ሕልሙን ጽፎልኛል፤ የቅርቡ ሰው ያየውን ካልጻፈ ግን በዓለም ፊት የሚቀረው ሕልሙ ብቻ ይሆናል። ኋላ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህንኑ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መመለሳቸውን ስሰማ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ልዑሉ በመጨረሻ በአገሩ ቋንቋ አገሩ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ የአያቴ ምሳሌ አሁንም አልለቀቀኝም ነበር። ኋላም ያንኑ ምሳሌ፣ በሌላ ቃል፣ ከጎረቤታችን ከኬንያ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1968 በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦዎር አንዩምባ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይወገድ የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው እንግሊዝኛ ፈጽሞ አይነበብ ማለት አልነበረም። ጥያቄያቸው፣ የአፍሪካ ተማሪ ዓለምን የሚመለከተው ከየት ቆሞ ነው? የሚል ነበር። ከመካከል መቀመጥ ያለበት የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ቃል ነው፤ የሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍ ከዚያ ተነሥቶ ይታይ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ንጉጊ ኋላ ልብ ወለዶቻቸውን በእናታቸው ቋንቋ በጊኩዩ መጻፍ ጀመሩ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው ሌላውን መንገድ አሳይተዋል፤ እንግሊዝኛን የኢግቦን ምሳሌያዊ አነጋገር እንዲሸከም አድርገው ጻፉበት።

የእኛ ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። በአማርኛ ልብ ወለድ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተሙት ማለት ነው። በግእዝ የተጻፈው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ስለዚህ ለእኛ እንግሊዝኛ የቤት ጌታ ሆኖ አልመጣም፤ እንግዳ ሆኖ ነው የመጣው። ነገር ግን እንግዳም ቢሆን ወንበሩን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ሳይንሱንም ታሪኩንም ለዓመታት በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው፣ የተማረውን ለወላጆቹ ለማስረዳት ቃል ሲያጥረው አይተናል። ዕውቀቱ በአንድ ቋንቋ፣ ፍቅሩ በሌላ ቋንቋ ሆኖ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይቀራሉ። የአያቴ ሥጋት ይህ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በሦስተኛው ዓመት የክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት በገባሁ ጊዜ፣ አንድ ምሽት አያቴ «ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች የሚያስነብቡህ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ ማክቤዝ ስለሚባል የጦር አለቃ የሚናገር ተውኔት አለ፤ ልንገርዎት» አልኋቸው። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን መተረክ ጀመርሁ። ገና ከመነሻው ችግር ገጠመኝ። ለማክቤዝ ይነግሣል ብለው የሚነግሩትን ሦስት ሴቶች ጠንቋዮች ልበላቸውን? ጠንቋይ በእኛ አገር ሰው ገንዘብ ይዞ የሚሄድበት ነው፤ እነዚህ ግን ሳይጠሩ ከመንገድ ላይ የሚቆሙ ናቸው። ሟርተኞች አልኋቸው። አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማክቤዝ ንጉሡን ዳንከንን ከቤቱ ጋብዞ ሌሊት በተኛበት እንደ ገደለው ስናገር ግን አቋረጡኝ።

«ንጉሥ መግደሉስ ይሁን፤ በእኛም አገር ታይቷል። ግን ከቤቱ ያደረ እንግዳ ይገደላል? እንጀራውን የቆረሰለትን?»

«ገደለው» አልሁ።

«እንግዲያማ ያ ሰው ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አይኖረውም» አሉ።

ይህን ያሉት እኔ ከመናገሬ በፊት ነው። የሚያውቁ እንደሚያውቁት፣ በተውኔቱ ውስጥ ማክቤዝ ከመግደሉ በፊት ይህንኑ የእንግድነት ሕግ ያስባል፤ ከገደለም በኋላ እንቅልፍ ያጣል። አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ግን በሽምግልና ብዙ የደም ነገር ያዩ ሰው ነበሩ። ቀጥለውም፣ «ሟርተኞቹ ባይነግሩት ኖሮስ ይገድለው ነበርን?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ሊቃውንት ስለ ማክቤዝ ሲጽፉ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። መልሱን ለማስረዳት ስሞክር አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ከዚያስ? ሚስትየዋ ምን ሆነች?»

አባቴ ነበሩ። ከበሩ አጠገብ ጅራፍ እየገመዱ ቆይተው ነበር። ስለ ትምህርቴ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ታሪኩን እስኪፈጸም ድረስ ነገርኋቸው፤ እሳቱም እስኪጠፋ ተከራከርን። በማግሥቱ አያቴ ለጎረቤት «ልጁ የሰው አገር ሰርዶ አምጥቶ እዚህ አሳረሰን» ሲሉ ሰማሁ። የምሳሌውን ትርጉም እንደ ለወጡት ያስተዋሉ አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ያን ምሽት ባሰብሁ ቁጥር የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። የባዕድ ሥነ ጽሑፍ ጥናት በፈተና ውጤት አይፈጸምም። የሚፈጸመው ያነበብነውን በቤታችን ቋንቋ ስንናገር፣ የቤታችን ሰዎችም መልስ ሲመልሱልን ነው። ባለቅኔው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ በመመለስ ለመድረክ ሲያበቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሼክስፒርን እንግሊዝኛ የማያውቅ ሕዝብ እንዲፈርደው አቀረቡት። ዳኛቸው ወርቁ በአማርኛ «አደፍርስ»ን ከጻፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳተሙ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በተወለዱበት በቸሃ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሦስቱም ጽፈዋል። በቸሃ የጻፉት ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል፤ «ዘ አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለዳቸውም ወጥቷል። የእነዚህ ደራስያን ሥራ አንዱን ቋንቋ ለማወቅ ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ ያሳያል።

ይህን ምንባብ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል አማርኛ አፍ የፈታችሁበት ቋንቋ ያልሆነ ብዙዎች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ለእኔ የነበረውን ዓይነት ሥራ አማርኛ ለእናንተ ይሆን ይሆናል። ስለዚህ የተናገርሁት ሁሉ እናንተንም ይመለከታል። አዲሱን ቋንቋ በርትታችሁ ተማሩ፤ ሰዋስውን አጥኑ፤ ቃላቱ ከየት እንደ መጡ ጠይቁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ በቋንቋ የተራቀቀ ለመምሰል ከመቸኰል በፊት ሥራውን ሥሩ። ነገር ግን አዲስ ቃል በተማራችሁ ቁጥር፣ «ይህ በእናቴ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመሳሰል ቃል ብታገኙ መልካም ነው፤ ባታገኙም ምን እንደ ጎደለና ለምን እንደ ጎደለ ማወቅ ራሱ ዕውቀት ነው።

እኔ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በየሳምንቱ የምሰጣቸውን አንድ ሥራ ለእናንተም ልስጣችሁ። በትምህርት ቤት በተማራችሁት ቋንቋ ያነበባችሁትን አንድ አጭር ታሪክ ምረጡ። ማታ ያን ቋንቋ ለማያውቅ አንድ የቤተሰባችሁ አባል፣ በቤታችሁ ቋንቋ ተርኩለት። የት ላይ እንዳቋረጣችሁ፣ ምን ብሎ እንደ ጠየቃችሁ፣ የትኛው ቃል እንዳስቸገራችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በማግሥቱም ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ክፍል ግቡ።